ሥነ ልቦናና ሶሲዮሎጂ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፦ ለምን፣ ከየትኛው ክፍል ጀምሮ፣ በምን መልኩ?

ጠመኔ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች። አንድ ተማሪ በአገራችን ሥነ ልቦናን ራሱን እንደቻለ ትምህርት የሚያገኘው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በጋራ ከሚወስዷቸው ኮርሶች መካከል ጄኔራል ሳይኮሎጂና ሶሻል አንትሮፖሎጂ አሉ። ግን እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በሬሜዲያል አልፈው የሚገቡትን ብንጨምርም እንኳ አብዛኛው ወጣት ይህን ትምህርት ሳያየው ወደ ሥራ፣ ወደ ትዳር ወይም ወደ ስደት ይሄዳል።

ትምህርቱ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «ተማሪው ራሱን እንዲያውቅ» የሚል ነው። ጥሩ ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው ሌላ ነው። ስለ ሰው በየቀኑ ብዙ ይነገራል፦ ሴት ልጅ ሒሳብ አይሆንላትም፣ ሰው የሚጠቀመው የአእምሮውን 10 በመቶ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ተማሪ በዓይኑ አንዳንዱ በጆሮው ነው የሚማረው። ከእነዚህ አንዱም በማስረጃ አልጸናም። ተማሪው በፊዚክስ ክፍል «እንዴት ታወቀ?» ብሎ መጠየቅን ይማራል፤ ስለ ሰው ሲነገረው ግን ያንኑ ጥያቄ የሚጠይቅበት ክፍለ ጊዜ የለውም።

የእኔ ሐሳብ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ይሰጥ ነው። ከ11ኛ ጀምሮ ተማሪው በተፈጥሮና በማኅበራዊ ሳይንስ ስለሚከፈል፣ ወደዚያ ከዘገየ ሐኪምና መሐንዲስ የሚሆነው ሳያገኘው ያልፋል። እስቲ የሚያስተምሩ፣ የሚያማክሩ፣ ሥርዓተ ትምህርት የሚሠሩ ሐሳባቸውን በዝርዝር ያካፍሉን። «ጠቃሚ ነው» ብቻ ብለን እንዳንለያይ።

ሁለት ፈረቃ

ጠመኔ፣ ዓላማውን እደግፋለሁ፤ አዲስ የትምህርት ዓይነት መጨመርን ግን አልደግፍም። በሁለት ፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ 60 እና ከዚያ በላይ ልጅ አለ። አዲስ መጽሐፍ ታትሞ ከመጣ ደግሞ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፦ መምህሩ «ሥነ ልቦና ማለት የሰውን ባህርይና የአእምሮ ሂደት የሚያጠና ሳይንስ ነው» ብሎ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ደብተሩ ላይ ይገለብጣል፣ ፈተናው ላይ ትርጉሙ ይመጣል። ጀርመናዊው ዉንት እ.ኤ.አ. በ1879 ላይፕዚግ ውስጥ የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ መክፈቱን የሸመደደ ልጅ «እንዴት ታወቀ?» ብሎ መጠየቅ ተማረ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ይመለስልኝ። ቤተ ሙከራ በሌለበት፣ በ40 ደቂቃ፣ በ60 ተማሪ ምን ይሠራል? ማንስ ያስተምረዋል?

ማጣሪያ

ሁለት ፈረቃ ያነሱት ፍርሃት ትክክል ነው። ደግነቱ ይህ ትምህርት ከወረቀት፣ ከእስክሪብቶና ከሰዓት በላይ አይፈልግም። አንዱን ሙከራ ከነአሠራሩ ላስቀምጥ፤ ርዕሱ ራሱ ተማሪውን በቀጥታ የሚነካ ነው፦ ደጋግሞ ማንበብ ይሻላል ወይስ መጽሐፍ ዘግቶ የሚያስታውሱትን መጻፍ?

ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ፣ ተማሪዎቹ ገና ካልደረሱበት ምዕራፍ፣ አንድ ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ ይመረጥ። መምህሩ አስቀድሞ ጽሑፉን ወደ 30 አጫጭር ሐሳቦች ይከፋፍል፤ ማረሚያው ያ ነው። 60 ቁራጭ ወረቀት ተቆርጦ 30ው ላይ «ሀ»፣ 30ው ላይ «ለ» ተጽፎ በከረጢት ይቀላቀልና ተማሪው ዕጣ ያውጣ። ሁሉም ለ5 ደቂቃ ያነባሉ። ቀጥሎ «ሀ» እንደገና 5 ደቂቃ ያነባል፤ «ለ» ግን ጽሑፉን ገልብጦ በባዶ ወረቀት የሚያስታውሰውን ይጽፋል። እርማት አይሰጥም። ከ7 ቀን በኋላ፣ ሳይነገራቸው፣ ሁሉም የሚያስታውሱትን ይጽፋሉ። ወረቀት ተለዋውጠው ከ30 ይታረማሉ፣ የሁለቱ ቡድን አማካይ ሰሌዳ ላይ ይወጣል።

ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት 81 በመቶ፣ የጻፉት 75 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፦ ያነበቡት 42፣ የጻፉት 56። ተማሪ ሽምደዳን የሚያምነው በፈተናው ዋዜማ ምሽት እውነትም ስለሚሠራለት ነው። ይህን «አትሸምድድ» ከሚል ምክር ይልቅ የራሱ ክፍል ቁጥር ያስረዳዋል።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። አንደኛ፣ መምህሩ ለመቸኮል ሲል «የፊት ወንበር ሀ፣ የኋላ ወንበር ለ» ይላል። ፊት የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ጎበዙ ስለሆነ የሚለካው ዘዴው መሆኑ ይቀርና ጉብዝናው ይለካል። ዕጣው የትምህርቱ እምብርት ስለሆነ በምንም ምክንያት አይዘለል። ሁለተኛ፣ በሁለተኛው ሳምንት የቀረ ተማሪ ይኖራል፤ ከየትኛው ቡድን ስንት እንደቀረ ይጻፍ እንጂ በዝምታ አይታለፍ። ሦስተኛ፣ ውጤቱ በመጽሐፍ እንደተጻፈው ካልወጣ መምህሩ ያፍርና ቁጥሩን «ያስተካክላል»። ይህን ያደረገ ቀን ትምህርቱን ገደለው። ያልወጣ ውጤት የሚያስተምረው ይበልጣል፦ ቡድኑ ትንሽ ስለነበር ነው? ጽሑፉ ቀላል ስለነበር ነው? ተኮራርጀው ነው?

ጠመኔ

ማጣሪያ፣ ከጽሑፍ ይልቅ የ20 ቃላት ዝርዝር ብናደርገው ለእርማት አይቀልም?

ማጣሪያ

ይቀላል፤ ለዚህ ዓላማ ግን አይመከርም። «እንጀራ፣ ወጥ፣ ሚጥሚጣ» አንድ ላይ ከገቡ ተማሪው በአንድ ቋጠሮ ያስታውሳቸዋል፤ ልዩነቱ ከዝርዝሩ ይሁን ከዘዴው አይለይም። ደግሞም ተማሪ የሚያጠናው አንቀጽ ነው፤ የተበታተነ ቃል ይዞ ፈተና አይገባም። የቃላት ዝርዝር ለሌላ ቀን፣ የመርሳትን ፍጥነት ለመለካት ይቆይ፤ ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ትርጉም በሌላቸው የፊደል ጥምሮች ራሱን እየፈተነ የሠራውን ነው።

ዕጣና ዋስ

እስካሁን ያለው ሁሉ ሥነ ልቦና ነው፤ የክሩ ርዕስ ግን ሶሲዮሎጂን፣ ማለትም የኅብረተሰብ ጥናትንም ይላል። ሥነ ልቦና ብቻውን ከተሰጠ አንድ አደጋ አለው፦ ተማሪው ለሁሉም ነገር ምክንያቱን በሰው ጭንቅላት ውስጥ መፈለግ ይለምዳል።

ጠመኔ የጠቀሱትን 3.3 በመቶ እንመልከት። ራይት ሚልስ የሚባለው አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1959 ያስቀመጠው መለያ አለ፦ 100,000 ሕዝብ ባለበት ከተማ አንድ ሰው ሥራ ቢያጣ የሰውየውን ባህርይና ችሎታ እንመረምራለን፤ 50 ሚሊዮን ሠራተኛ ባለበት አገር 15 ሚሊዮኑ ሥራ ቢያጣ ግን መልሱ በአንድ ሰው ጠባይ ውስጥ አይገኝም። ከ100 ተማሪ 3ቱ ቢወድቁ ስለ ተማሪዎቹ እንነጋገራለን። 97ቱ ሲወድቁና ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ሲቀሩ ስለ ትምህርት ቤቶቹ፣ ስለ መጽሐፍ ሥርጭት፣ ስለ መምህር ዝግጅት መነጋገር ግድ ነው። የወደቀው ልጅ ራሱን «ሰነፍ ነኝ» ብሎ ብቻ እንዳይደመድም ይህን መለያ በ16 ዓመቱ ማግኘት አለበት።

ለክፍል ሥራ የመቅረት መዝገብን የሚያህል የለም። ስም ተሰርዞ፣ ጾታና የመኖሪያ ርቀት ብቻ ቀርቶ፣ የአንድ ሴሚስተር መዝገብ ይገለበጥ። ተማሪዎቹ በሦስት መንገድ ይቁጠሩ፦ በሳምንቱ ቀናት፣ በወራት፣ በጾታ። ገበያው ማክሰኞ በሆነበት ወረዳ ማክሰኞ ከፍ ይላል? በኅዳር፣ አዝመራው ሲሰበሰብ፣ የወንዶቹ መቅረት ይጨምራል? ሴቶቹ በወር ውስጥ ለጥቂት ቀናት ተከታትለው ይቀራሉ? ከዚያ ለእያንዳንዱ ሁለት ማብራሪያ ይጻፉ፤ አንዱ ከግለሰቡ ፍላጎት የሚነሳ፣ ሌላው ከቤተሰብ ሥራ፣ ከውኃ ርቀት ወይም ከመጸዳጃ ቤት አለመኖር የሚነሳ። ሁለቱን የሚለይ ምን ተጨማሪ መረጃ እንደሚያስፈልግም ይጻፉ። ይኸኛው ክፍል ነው ከባዱ፤ አብዛኛው ሰዓት እዚህ ላይ ይዋል።

ሁለተኛው ዕቁብ ነው። 10 ሰው በሳምንት 500 ብር ይጥላል፤ የሳምንቱ ድምር 5,000። በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣ የወጣለት 500 ጥሎ 5,000 ወሰደ፣ ማለትም 4,500 ብር ወለድ የሌለው ብድር ይዟል። የመጨረሻው ደግሞ በ9ኛው ሳምንት 4,500 ጥሎ ገና ምንም አልወሰደም። ታዲያ የመጀመሪያው ለምን አይጠፋም? ተማሪው ቤቱ ሄዶ ዳኛው ማን እንደሆነ፣ ዋስ መቼ እንደሚጠየቅ፣ ያልከፈለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ይጠይቅ። እድር ላይም እንዲሁ፤ የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ ስላለው የቅጣት አንቀጾቹን ማንበብ ይቻላል። መተማመን፣ ማዕቀብ፣ ማኅበራዊ ትስስር የሚሉ ቃላት ከዚህ በኋላ ቢመጡ ቦታቸውን ያገኛሉ። ቃላቱ ቀድመው ከመጡ ግን ሁለት ፈረቃ የፈሩት ግልበጣ ይሆናል።

ሁለት ፈረቃ

የመቅረት መዝገቡ አሳምኖኛል፤ ለርዕሰ መምህሩም ይጠቅማል። የ1 ለ 5 አደረጃጀትስ? ተማሪ በአምስት በአምስት ተቧድኖ ሥራው በአንዱ ጎበዝ ላይ ይወድቃል፤ አራቱ ስማቸውን ይጽፋሉ።

ማጣሪያ

ይህ ራሱ አንድ ሙሉ ትምህርት ነው። ሪንገልማን የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ አስጎትቶ እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳተመው ውጤት፣ ስምንት ሰው አብሮ ሲጎትት እያንዳንዱ ብቻውን ሲሆን ከሚጎትተው ግማሽ ያህሉን ብቻ እንደሚያወጣ ያሳያል። ከፊሉ ያለመቀናጀት ነው፤ ላታኔ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1979 በጭብጨባና በጩኸት ባደረጉት ሙከራ ግን ከፊሉ የጥረት መቀነስ መሆኑ ታየ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን፤ ተማሪው ይህ ተረት መቼ እውነት፣ መቼ ሐሰት እንደሚሆን ይጠየቅ። የማን ድርሻ የቱ እንደሆነ ሲታይ ጥረቱ ይመለሳል። ስለዚህ በ1 ለ 5 ውስጥ ሥራው ለአምስት ተከፍሎ እያንዳንዱ በየስሙ ያስረክብ፤ በመጨረሻም መምህሩ ከአምስቱ አንዱን በዕጣ አስነስቶ የሌላውን ድርሻ ጭምር እንዲያስረዳ ያድርግ። ነጥቡ ለአምስቱም የእርሱ ይሁን።

የምክር ክፍል

እኔ የምጽፈው ስለሚጎዱ ነገሮች ነው፤ እባካችሁ ይህን ሳትይዙ አትጀምሩ።

የአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት ከ18 ዓመት በፊት ስለሆነ ትምህርቱ በዚህ ዕድሜ መሰጠቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ስለ ድብርት የተማረ ክፍል በማግሥቱ ግማሹ «ድብርት አለብኝ» ይላል፤ ከቲክቶክ የመጣው ሲጨመርበት ይብሳል። መፍትሔው ርዕሱን መዝለል አይደለም፤ ድንበሩን በትክክል ማስተማር ነው። ለድብርት ሕመም ከዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን፣ የዕለት ኑሮን በሚያውክ መጠን መኖር አለባቸው፤ ከአምስቱም አንዱ የተጨፈገገ ስሜት ወይም ነገሮች ማስደሰታቸውን ማቆም መሆን አለበት። ይህንንም የሚወስነው ባለሙያ ነው። ፈተና ወድቆ ሦስት ቀን ያለቀሰ ልጅ አዝኗል እንጂ አልታመመም። ወር ሙሉ ያልተኛና መብላት ያቆመ ልጅ ደግሞ «በርታ» መባል የለበትም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

የሚያስተምረውና የሚያማክረው ሰው አንድ አይሁን። ነጥብ የሚሰጥ መምህር ምስጢር ሲነገረው ልጁ ነጥቡን ይፈራል፣ መምህሩም ሚዛኑን ያጣል። ትምህርት ቤቱ አማካሪ ከሌለው ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ልጅ ወዴት እንደሚላክ አንድ አድራሻ ይወሰን።

ሚልግራም እ.ኤ.አ. በ1961 የጀመረውንና ከ40 ሰው 26ቱ ሌላ ሰው በኤሌክትሪክ እየነዘሩ መስሏቸው በትእዛዝ እስከ 450 ቮልት የሄዱበትን ሙከራ አስተምሩ። ዚምባርዶ እ.ኤ.አ. በ1971 ተማሪዎችን የእስር ቤት ጠባቂና እስረኛ አድርጎ ለሁለት ሳምንት አቅዶ በ6ኛው ቀን ያቋረጠውንም፣ ከተነሱበት ትችቶች ጋር፣ አስተምሩ። አንዳቸውንም ግን በክፍል አታስመስሉ። ልጆችን በመልክ፣ በቋንቋ ወይም በትውልድ ቦታ ከፍሎ «መድሎ ምን እንደሚመስል ይቅመሱት» የሚል ጨዋታ በእኛ ክፍሎች ውስጥ ፈጽሞ አይሞከር። ስለ ቡድን ጥላቻ ለማስተማር ከሩቅ መጀመር ይሻላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሸሪፍ እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ 22 ልጆችን ለሁለት ከፍሎ በውድድር ብቻ በቀናት ውስጥ እንዴት እንደተጣሉ፣ አብሮ መብላትም ሆነ ፊልም ማየት እንዳላስታረቃቸው፣ የውኃ መስመር ተበላሽቶ አብረው ሲያበጁ ግን እንደተቀራረቡ ያሳያል። ተማሪው ከኦክላሆማ ወደ ራሱ ሰፈር የሚወስደውን መንገድ ራሱ ያገኘዋል፤ መምህሩ አይጎትተው።

አንድ ልጅ ስለ ቤቱ እንዲናገር አይገደድ። «የአባትህን የአስተዳደግ ዘይቤ ግለጽ» የሚል የቤት ሥራ አባቱ ለሞተበትም፣ አባቱ ለሚደበድበውም ልጅ እንደሚደርስ አትርሱ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

አሜሪካ ላለን ወላጆች ትንሽ ልጨምር። ልጆቻችን ኤፒ ሳይኮሎጂ (በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ) መውሰድ ሲፈልጉ «ቀላል ነው፣ ጊዜ ማባከን ነው» የሚል መልስ ብዙ ቤት ይሰማል። ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ኮርሱ ተሻሽሎ በአምስት ምዕራፍ ተዋቅሯል፤ አንደኛው ምዕራፍ ነርቭና አንጎል ነው። ፈተናው 75 ምርጫ በ90 ደቂቃ፣ ከዚያ ሁለት የጽሑፍ ጥያቄ በ70 ደቂቃ ነው። ከሁለቱ አንዱ የአንድ ጥናት ማጠቃለያ ሰጥቶ ዘዴው ምን እንደሆነ፣ ምን እንደተለካ፣ የሥነ ምግባር ደንብ እንዴት እንደተጠበቀ፣ ውጤቱ ለእነማን እንደሚሠራ ይጠይቃል። ሌላው ሦስት ጥናቶችን አቅርቦ አቋም ይዞ መከራከር ነው። ወደ ነርሲንግ ወይም ሕክምና ለሚያስብ ልጅ ይህ ብክነት አይደለም። የሚከብደው የቃላቱ ብዛት ነው፤ በየሳምንቱ 25 ያህል ቃል እየተመለሰ ካልተጠና ሚያዝያ ላይ ይከመራል።

ኤፒ ሶሲዮሎጂ የሚባል የለም። ትምህርት ቤቱ እንደ ምርጫ ትምህርት ካልሰጠው፣ ልጁ በአቅራቢያው ካለ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለተኛ ደረጃ ላይ እያለ መውሰድ ይችል እንደሆነ ካውንስለሩን ጠይቁ።

ጠመኔ

የምክር ክፍል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለጀማሪ መምህር መጀመሪያ የሚሰጠው ወረቀት ይህ መሆን አለበት።

ለሁለት ፈረቃ ሁለተኛ ጥያቄ፦ ከሥነ ልቦናና ከሶሲዮሎጂ ክፍሎች በየዓመቱ የሚመረቁ አሉ። እነሱ እስኪመደቡ ደግሞ አዲስ መጽሐፍ ሳይጠበቅ በክበብ መጀመር ይቻላል። ሚኒ ሚዲያና ሌሎች ክበቦች ባሉበት ትምህርት ቤት በሳምንት አንድ 40 ደቂቃ ማግኘት አይከብድም። አሥራ ሁለት ሳምንት ይበቃል፦ አራቱ ለማስታወስና ለጥናት ዘዴ፣ አራቱ ለመቅረት መዝገቡ፣ ሁለቱ ለዕቁብና ለእድር፣ ሁለቱ ለመጠይቅ አዘገጃጀት። የክበብ ጉድለቱ የሚመጣው ቀድሞም የነቃው ልጅ መሆኑ ነው፤ ለዚህ መልስ የለኝም፣ በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ቢገባ ይሻላል የሚል ካለ እሰማለሁ።

ስለ መጠይቅ አንድ ሰው ዘርዝሮ ቢጽፍልን።

ዕጣና ዋስ

እሺ። አጠያየቅ መልስን እንደሚለውጥ ከተመራማሪዎቹ ሎፍተስና ፓልመር የ1974 (እ.ኤ.አ.) ሙከራ ይጀመር፦ አንድ ዓይነት የመኪና ግጭት ፊልም አይተው፣ «ሲላተሙ» ዓይነት ብርቱ ግሥ የተጠየቁት ፍጥነቱን በአማካይ በሰዓት ከ40 ማይል በላይ ሲገምቱ፣ «ሲነካኩ» ዓይነት ለስላሳ ግሥ የተጠየቁት ወደ 32 ብለዋል። በአማርኛ «ተላተሙ»፣ «ተጋጩ»፣ «ተነካኩ» በሚሉት ክፍሉ ራሱ ሊሞክረው ይችላል።

የእኛ መጠይቅ የሚወድቅባቸው ሌሎች ቦታዎች አሉ። «ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ሲባል አንዱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 4 ይላል፣ ሌላው ስልኩን አይቶ 10 ይጽፋል፤ ሁለቱም አንድ ሰዓት ናቸው። ሌላው ደግሞ ስንት ሰዓት ያህል ማለት መስሎት 8 ይላል። ስለዚህ «ከምሽቱ ስንት ሰዓት ላይ» ተብሎ ይጻፍ። «ጭንቀት አለብሽ?» የሚለው ቃል ሐሳብንም፣ ፍርሃትንም፣ ሕመምንም ስለሚይዝ አይጠቅምም፤ «ባለፉት 7 ቀናት ስንት ሌሊት ስለ ፈተና እያሰብሽ እንቅልፍ አጣሽ?» ይሻላል። «መምህራችሁ ይመቻችኋል፣ በደንብስ ያስረዳል?» ሁለት ጥያቄ ስለሆነ ይከፈል። አዛውንት ሲጠየቁ «እርስዎ» ይባላል፤ «እንደምን ነዎት?» ተብለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ካሉ ግን ሰላምታ መለሱ እንጂ ስለ ጤናቸው አልተናገሩም። «በዚህ ወር ስንት ቀን ከሥራ ቀሩ?» ብሎ መቀጠል ነው።

ናሙናው ላይ ሁሉም የሚሳሳተው አንድ ነው፦ ተማሪ ጓደኞቹን ይጠይቃል። ከክፍል ስም ዝርዝር በየ6ኛው ተቆጥሮ ይመረጥ፣ መነሻው ከ1 እስከ 6 ባለው ዕጣ ይውጣ። የተመረጠው ከቀረ ተመልሶ ይፈለግ፣ በአጠገቡ ባለው አይተካ።

የምክር ክፍል

በመጠይቁ ወረቀት ላይ ስም አይጻፍ፤ ወረቀቱ ተማሪ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በካርቶን ሣጥን ይሰብሰብ። መሙላት የማይፈልግ ልጅ ባዶውን አጥፎ ይክተት፣ ማን እንዳልሞላ አይታይም። የእጅ ጽሑፍ ስለሚታወቅ ከሚጻፍ ይልቅ የሚከበብ መልስ ይመረጥ። ቁጥሩ ወደ ሰሌዳ ከተገለበጠ በኋላ ወረቀቶቹን መምህሩ በዚያው ቀን ያቃጥል።

ሁለት ፈረቃ

ለሚቀጥለው ሴሚስተር በመቅረት መዝገቡ እንጀምራለን። የስሙን ዓምድ የሚሰርዘው ግን ከተማሪዎቹ እጅ ከመድረሱ በፊት የሆም ሩም መምህሩ ይሁን፤ የተራ ቁጥሩም ጭምር ይሰረዝ፣ ልጆቹ በተራ ቁጥር ይተዋወቃሉ።